ወለተ ሐና፣ ቢቸና

አሁንም በሩን ገፍተው እየገቡ «ወለተ ሐና የለችም?» የሚሉኝ ደንበኞች አሉ። በርበሬዋን ማለታቸው ነው። «የለችም» እላለሁ። «መቼ ነው የምትመጣው?» ይላሉ። «አትመጣም» እላለሁ። ይህን ስል ፊቴን እንዳያዩት ወደ መደርደሪያው ዞሬ ቀድሞ የተስተካከለውን ጠርሙስ እንደገና አስተካክላለሁ። ደንበኛው ቅር እያለው የሌላ ሰው በርበሬ አንሥቶ ይሄዳል። ስሙ ግን ጆሮዬ ውስጥ ሲያቃጭል ይውላል።

ስሜ እፀገነት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ቢቸና ነው፤ ሞጣ ከመጣሁ ስድስት ዓመት ሆነኝ። የምሠራው ሳብሪያ ሙሐመድጣሂር በአባቷ የድሮ ሱቅ ቦታ ላይ በከፈተችው ሱፐርማርኬት ነው። ሱፐርማርኬት የምንለው ራሳችንን ትንሽ ከፍ አድርገን ነው፤ አራት ረድፍ መደርደሪያ፣ መብራት ሲኖር የሚሠራ አንድ ፍሪጅና እኔ ነን። ዕቃ እደረድራለሁ፣ ዋጋ እለጥፋለሁ፣ ሳብሪያ ከሌለች ሒሳብ እቀበላለሁ።

መንገድ ሲዘጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ ይቀራል። አምና ከመስከረም ጀምሮ ከወር በላይ ምንም ሳይገባልን ቆይቶ መደርደሪያዎቹ ወና ሆኑ። ሳብሪያ እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። «ሰው የሚበላው እዚሁ አይደል እንዴ የሚበቅለው?» አለችና ከየቤቱ ሽሮውን፣ በርበሬውን፣ ማሩን፣ በሶውን መሰብሰብ ጀመረች። ችግሩ፣ ሰው ሱፐርማርኬት ሲገባ የፋብሪካ ዕቃ ማየት ይፈልጋል። የጎረቤቱን ሽሮ ጠርሙስ ውስጥ ሲያየው ይስቅና ያልፋል።

ስለዚህ ሳብሪያ አረንጓዴ ተለጣፊ ወረቀት አሳተመች። ከላይ «የአገራችን ምርት» ይላል። ከሥሩ ሁለት ባዶ መስመር አለው፤ አንዱ ለባለሙያዋ ስም፣ አንዱ ለአገሯ። የሚጽፈው ሰው ደግሞ እኔ ሆንሁ። አባቴ የቆሎ ተማሪ ሆነው ያደጉ ሰው ነበሩና ፊደል ሲያስጽፉኝ አንድ እግር እንኳ እንዲዛነፍ አይፈቅዱልኝም ነበር፤ እስከዛሬ በእጅ ጽሑፌ እኮራለሁ። ሳብሪያ አንድ ነገር ብቻ አጥብቃ አስጠነቀቀችኝ። «የፈጠራ ስም እንዳትለጥፊብኝ። ስሙ በእውነት ያለ ሰው ስም ይሁን። ሰው አንዴ ከዋሸነው አይመለስም» አለችኝ።

ነገሩ ሠራ። «ሰብለ ወንጌል፣ ደብረ ወርቅ» የሚለው ሽሮ፣ «አምላኩ፣ የጥኖራ» የሚለው ማር፣ «ኢናስ፣ ሞጣ» የሚለው በሶ ከመደርደሪያው ላይ መነሣት ጀመረ። ሰው «የምን ነው?» ማለቱን ትቶ «የማን ነው?» እያለ ይጠይቅ ጀመር። ሰብለ ወንጌልን በዓይኑ አይቷት የማያውቅ ሰው «የሰብለ ወንጌል ሽሮ ቅመም ይበዛበታል፣ ግን እጇ ንጹሕ ነው» ብሎ ሲመሰክር መስማት ያስቀኝ ነበር። ስም ያለበትን ያነሣሉ፤ ስም የሌለበትን በዓይናቸው ይገረምሙትና ያልፋሉ።

ከሁሉም ቀድሞ የሚያልቀው የእትዬ ፀሐይነሽ በርበሬ ነበር። እትዬ ፀሐይነሽ የእናቴ ባልንጀራ ናቸው፤ ቢቸና ውስጥ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አገር ቤት ስገባ የማርፈው እሳቸው ዘንድ ነው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ከልጃቸው ከባንቺዓለም ጋር በዚያው በርበሬ ይተዳደራሉ። የሚያሽጉት ጠርሙስ ክዳኑ ላይ ነጭ የጨርቅ ብጣሽ አለበት፤ አንገቱን በፈትል ሦስት ጊዜ ይቋጥሩታል። ፊደል አልቆጠሩም። ዕቃቸውን የሚለዩት በቋጠሮው ነው።

ኅዳር ላይ በርበሬ አድርሰው ሊመለሱ ሲሉ መንገዱ ተዘጋና እኔ ዘንድ ዐሥራ አንድ ቀን ቆዩ። በአምስተኛው ቀን ትኩሳት ያዛቸው። የሰጧቸው መድኃኒት አልያዝላቸው ብሎ ሦስት ቀን ሙሉ ውኃ እንኳ አልረጋላቸውም። እኔም በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከሰዓት በኋላ ነው፤ ግንባራቸውን በእርጥብ ጨርቅ እያበስሁ ሳለ እጄን ያዙኝ።

«እፀገነት፣ ተጠጊ እስቲ» አሉኝ። «ከዚህ ከሞትሁ ማን ብለው ይፈቱኛል? እዚህ የሚያውቀኝ ቄስ የለ። የነፍስ አባቴም አምና አረፉ። ሌላ ሳልይዝ ነው ይህ ነገር የመጣብኝ።»

«ኧረ አይሞቱም፣ ምን ሆነዋል! ደግሞስ ባንቺዓለም ታውቀው የለ የክርስትና ስምዎን?»

«አታውቅም።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አክስቴ በስሟ ነው ያለቀችው። ልጇ ሰምታ ለጎረቤት አወራች፤ ጎረቤቷ ቂም ነበራትና ለደብተራ ሰጠችው። ስሟን ይዞ ደገመባት። ዓመት አልቆየች። ባንቺዓለም ልጄ ናት፣ ነፍሴ ናት፣ ግን ሆዷ ነገር አይይዝም። አንቺ ዝምተኛ ነሽ። አንቺ ዘንድ ላስቀምጠው።»

ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግቼ ሰማሁት። ወለተ ሐና።

«ይህ ስም ስጠመቅ ተጠራ» አሉኝ። «አሁን የቀረው ሬሳዬ ላይ ነው። እስከዚያ ከቄስ ጆሮ በቀር የማንም አፍ እንዳይነካው። በማርያም?»

«በማርያም» አልሁ። የዚያን ዕለት የማልሁት ከልቤ ነበር። እኔ በድግምት አላምንም፤ ኮሌጅ ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ሰው በስሙ ሳይሆን በወባና በታይፎይድ እንደሚሞት አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን የደበቀውን ነገር እጅሽ ላይ ሲያኖር ክብደቱ ይሰማል። ከሁለት ቀን በኋላ ትኩሳቱ ለቀቃቸው። መንገድ ሲከፈት አሳፈርኋቸው፤ በመስኮት በኩል ጉንጬን ሳሙኝና ሄዱ። ስሙ ግን እኔ ዘንድ ቀረ።

የካቲት ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው። ቢቸና ውስጥ ሌላ ፀሐይነሽ አለች፤ እሷም በርበሬ ታመጣልን ነበር። ከእሷ ጠርሙስ አንዱ ውስጥ የተፈጨ ሸክላ ተገኘ። ወጥ ውስጥ ገብቶ ከታች የረጋውን ደንበኛችን በሳህን ይዞ መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። ወሬው በሁለት ቀን ሞጣን አዳረሰ። የወሬ ነገር ሆኖ የትኛዋ ፀሐይነሽ እንደሆነች ማን ይጠይቅ! «ፀሐይነሽ፣ ቢቸና» የሚለውን ያነበበ ሁሉ እንደ እባብ ይሸሸው ጀመር። የአባት ስም ጨምሬ «ፀሐይነሽ አካለ ወልድ» ብዬ ጻፍሁበት። ሰዎቹ የመጀመሪያውን ቃል ብቻ አይተው ይመልሱታል።

ዐቢይ ጾም ሊገባ አራት ቀን ቀርቶታል። በርበሬና ሽሮ በደንብ የሚሸጠው በጾም ነው። የእትዬ ፀሐይነሽ የዓመት ልፋት በሠላሳ ጠርሙስ ሆኖ መደርደሪያው ላይ አቧራ ይጠጣል። ሳብሪያ ቁርጡን ነገረችኝ፤ «እፀዬ፣ የሴትዮዋን ንጽሕና አውቃለሁ። ግን እስከ እሑድ ካልተነሣ መልሰሽ ላኪላቸው። ቦታው ለሌላ ሰው ይፈለጋል።»

ሠላሳውን ጠርሙስ አስመልሼ እንዴት አድርጌ ዓይናቸውን አያለሁ? መጋዘን ገባሁ፤ የድሮውን ወረቀት በሙቅ ውኃ እያራስሁ ላጥሁት። አዲሱን ወረቀት ዘረጋሁ። ሌላ ስም መፍጠር ነበረብኝ፤ ሳብሪያ ደግሞ የፈጠራ ስም ከልክላለች፤ በእውነት ያለ ሰው ስም ይሁን ብላለች። እንግዲህ ያን ጊዜ ነው የመጣልኝ። ወለተ ሐና ውሸት አይደለም። እንዲያውም ከፀሐይነሽ ይበልጥ እውነት ነው። ደግሞስ ማን ያውቀዋል? ከእኔና ከእሳቸው በቀር የሰማው የለም፤ እሳቸው ደግሞ ማንበብ አይችሉም። ይህን ሁሉ እስክሪብቶዬን ይዤ አሰላሁት። ብልጠቴን አሁን ሳስበው ያቅለሸልሸኛል፤ የዚያን ቀን ግን ፈገግ ብያለሁ።

ሠላሳ ጊዜ ጻፍሁት። «ወለተ ሐና፣ ቢቸና።» ከጻፍኋቸው ሁሉ ያማረው ጽሑፌ እሱ ነበር።

ጾሙ በገባ በሳምንቱ ግማሹ ተሸጠ። «መነኩሲት ናት እንዴ?» አለችኝ ሳብሪያ፤ የእትዬ ፀሐይነሽ የተመለሰ መስሏታል። «መሰለኝ» አልኋት። ደንበኞቹም መነኩሲት መሰለቻቸው፤ የመነኩሲት በርበሬ በጾም የማይወድ የለም። እኔም አዲስ ወረቀት እየለጠፍሁ፣ የሚመጣውን እየደረደርሁ፣ ሽያጩን ለባንቺዓለም በስልክ እየላክሁ ልቤ ረክቶ ነበር። እትዬ ፀሐይነሽ ከሕመማቸው ወዲህ በርበሬውን በሚኒባስ ረዳት ስለሚልኩት እኔም የልብ ልብ ተሰማኝ።

አንድ ቀን አንዲት ባልቴት ጠርሙሱን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ «ይችን ወለተ ሐና የምትባል ሴት አላውቃትም» አሉኝ። «ግን ወጥ በሠራሁ ቁጥር ስሟን አነሣለሁ።» ለምስጋና ነው ያሉት። እኔን ግን ብርድ ብርድ አለኝ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሳብሪያ ከመጋዘን ሆና በርበሬ ቀርቶ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ «ወለተ ሐና አለቀች!» ብዬ ጮኽሁ። ያልሁትን የሰማሁት ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ደንበኞቹ ምንም አልመሰላቸውም፤ ሒሳባቸውን ከፍለው ሄዱ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ፣ እትዬ ፀሐይነሽ ሳይታሰቡ መጡ። ጠርሙሶቹን በጆንያ አሸክመው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ፊታቸው ወዝቶ። እኔ ሒሳብ እየተቀበልሁ ነበርና በእጄ ቆዩ ብዬ ጠቆምኋቸው። እሳቸው ግን በቀጥታ ወደ መደርደሪያው ሄዱ። ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይች የኔዋ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። አጠገባቸው አንድ መምህር ቆሟል። «እስቲ ልጄ፣ ስሜን እንዴት አድርጋ እንደጻፈችው አንብብልኝ። ጽሕፈቷ ያምራል ይላሉ።»

መሮጥ፣ መጮኽ፣ ጠርሙሱን ቀምቼ መስበር ነበረብኝ። አንዱንም አላደረግሁም።

መምህሩ ጆሯቸው የደከመ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላቸው። «ወለተ ሐና፣ ቢቸና!»

እጃቸው ጠርሙሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ድገመው እስቲ» አሉት። ደገመላቸው። ከኋላ የቆመች አንዲት ሴት፣ «እሷን ይውሰዱ እማማ፣ የወለተ ሐናን የሚያህል የለም» አለቻቸው። እትዬ ፀሐይነሽ ጠርሙሱን በቀስታ ወደ ቦታው መለሱ። ወደ እኔ መጥተው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ። ሲቆጡ አይቻቸው አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡም። ፊታቸው ላይ የነበረው ፍርሃት ነው።

«እፀገነት» አሉኝ።

«አቤት።»

«ሞቼ ኖሯል?»

«እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው… አልሸጥ ብሎ…»

አልሰሙኝም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ መልሰው ወጡ። ተከትያቸው ልሮጥ ስል ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር። ሒሳቡን ትቼ ስወጣ ባጃጅ ይዘው ወደ መናኸሪያ ሄደዋል። ያመጡት ጆንያ ከበሩ ጎን እንደተቋጠረ ቀረ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁ አስጠላኝ። መደርደሪያው ላይ የቀሩትን የእሳቸውን ጠርሙሶች አንድ በአንድ አወረድሁ። ወረቀቱን በጥፍሬ ፋቅሁት፤ በርበሬው ጥፍሬ ሥር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥለኝ ዋለ። የላጥኋቸውን ወረቀቶች የት እንደማደርጋቸው ቸገረኝ። ቆሻሻ ውስጥ እንዳልጥላቸው ሰው ይረግጣቸዋል፤ እንዳላቃጥላቸው ክብሪቱን ጭሬ መልሼ አጠፋዋለሁ። ፖስታ ውስጥ አድርጌ ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኋቸው። የተሸጡትንስ ምን ላድርግ? በየሰው ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ሞጣ ውስጥ በየመንደሩ ሳልፍ፣ በዚህ ቤት ውስጥ ስማቸው አለ፣ በዚያም አለ እያልሁ አስባለሁ። «ወለተ ሐና መጣች?» የሚል ድምፅ ከበሩ ሲመጣ፣ አዲስ ነጠላቸውን ለብሰው የቆሙ እየመሰለኝ ዘወር እላለሁ። ጽሕፈቴም ተበላሸ። የአምላኩንም የሰብለ ወንጌልንም ስም ስጽፍ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚነበብ የሙታን ዝርዝር የምጽፍ ይመስለኛል።

ስልክ ደወልሁ፤ አያነሡም። በሚኒባስ ረዳት በኩል ይቅርታ ላክሁ፤ መልስ የለም። ቢቸና ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ተነሣሁና መናኸሪያ ደርሼ ተመለስሁ። መንገድ ተዘግቶ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ከፋሲካ ሁለት ሳምንት በኋላ ባንቺዓለም መጣች። አብሮ አደጌ ናት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። ሰላምታዬን አልተቀበለችኝም። በቀጥታ መደርደሪያው ፊት ሄዳ ከዳር እስከ ዳር አየችው።

«ይች ወለተ ሐና የምትባለዋ ማን ናት?» አለችኝ።

«ለምን ፈለግሻት?»

«እናቴን የገደለችብኝ እሷ ናትና! ከዚህ ከተመለሰች ወዲህ አልጋ ላይ ናት። እህል አትቀምስም። ምን ሆንሽ ስላት ‹ስም የለኝም፣ ስሜ ተሸጧል› ትላለች። አዲስ የነፍስ አባት አመጣሁላት፤ የክርስትና ስምዎን ይንገሩኝ ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ለእሳቸውም ያችኑ ነገር አለቻቸው።» እንባዋ መጣ፤ በመዳፏ ገፋችው። «የሰፈራችን ሰው ሞጣ ደርሶ ሲመለስ ነገረኝ። የእናቴን ስም አንሥታችሁ በቦታዋ ወለተ ሐና የምትባል ሴት አስቀመጣችኋል። በርበሬውን የደከመችበት እናቴ፣ ስሙ የሌላ! አንቺ እያለሽ፣ እፀገነት! ጡቷን አልጠባሽም እንጂ ልጇ አይደለሽ እንዴ?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አንዲት ቃል ናት። ግን ስሙ የእናቷ መሆኑን ብነግራት፣ እትዬ ፀሐይነሽ ስሙን የደበቁበትን ስልሳ ዓመት ዳግመኛ ማፍረሴ ነው ብዬ ራሴን አሳመንሁ። አሁንም ብልጠት። እውነቱን ለመናገር፣ የፈራሁት የራሴን መጋለጥ ነበር።

«አላውቃትም» አልሁ። «ሌላ ሰው ነው የሚያመጣላት።»

ባንቺዓለም ትክ ብላ አየችኝ፤ አመነችኝ። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ ጣሪያው ዘረጋች። ሳብሪያም ደንበኞቹም ያዩዋታል። «ወለተ ሐና» አለች፤ «እናቴን ስም እንዳሳጣሻት፣ ቀንሽ ሲደርስ ስምሽን የሚጠራልሽ ቄስ ያሳጣሽ!»

ሮጬ እጄን አፏ ላይ ልጭን ምንም አልቀረኝም። «ተይ፣ ባንቺ፣ ተይ» ብቻ አልሁ። «ምን አገባሽ?» አለችኝና ወጣች። ያን ቀን ሳብሪያ ወደ ቤቴ ላከችኝ፤ የታመምሁ መስሏት ነው።

ሰኔ ዐሥራ አራት ቀን ጠዋት መርዶው በስልክ መጣ። እትዬ ፀሐይነሽ ተኝተው በዚያው ቀርተዋል።

የመጀመሪያውን ሚኒባስ ያዝሁ። ጉንደወይን ስንደርስ ዝናብ ጀመረ፤ ደብረ ወርቅ ላይ ሰው ለማውረድ ቆምን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ፤ ቀብር አልኋት። «ምንሽ ናቸው?» አለችኝ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አቀፍሁ። ፖስታው ቦርሳው ውስጥ ነው። መቃብራቸው ውስጥ ልጥለው አስቤ ነበር።

ቢቸና ስደርስ አስከሬኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ዝናቡ አባርቶ ሰዉ ቅጽሩ ውስጥ ቆሟል። ባንቺዓለም ከሬሳው ራስጌ ተቀምጣ ድምፅዋ እስኪሰነጠቅ ታለቅሳለች። አዲሱ የነፍስ አባት፣ ቄስ ገብረ ክርስቶስ፣ መጽሐፋቸውን ገለጥ አድርገው ጎንበስ አሉና አንድ ነገር ጠየቋት። ራሷን ነቀነቀች። ከአጎቷ ጠየቁ፤ ከጎረቤቱ ጠየቁ። ቀና ብለው ዙሪያውን አዩ።

«የእኅታችንን የክርስትና ስም የሚያውቅ አለ?» አሉ።

«ለማንም አልተናገረችም» አለች ባንቺዓለም። «ክርስትና እናቷም የሉ። ለእኔም አልነገረችኝ፣ አባቴ፣ ለልጇም አልነገረችኝ!»

«ያለ ስም እንዴት አድርገን እንሸኛት?» አሉ ቄሱ፤ የተናገሩት ለራሳቸው ይመስል ነበር። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ከኋላዬ «ወይ ፀሐይነሽ፣ ምን ያለው ዕጣ ነው» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ቄሱ ያለውን መላ ይፈልጉለታል፤ አፈሩ ይመለሳል፤ እኔም ሞጣ እገባለሁ። የባንቺዓለም እርግማን ግን በገዛ እናቷ ላይ ደርሶ ይቀራል። ብናገር ደግሞ ወደ ቄሱ ጆሮ ባንሾካሹክ እንኳ፣ ስሙ ፍትሐቱ ላይ ጮኾ መጠራቱ አይቀርም። ባንቺዓለም ከሬሳው ራስጌ ናት። የኅዳሩ ትኩሳት፣ እርጥቡ ጨርቅ፣ «አንቺ ዝምተኛ ነሽ» ያሉኝ ድምፅ መጣብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቂልኝ ያሉኝ ለዚህች ሰዓት ብቻ ነበር።

ሰዉን ገፋ ገፋ እያደረግሁ አለፍሁ። ቄስ ገብረ ክርስቶስ ጎንበስ አሉልኝና በጆሯቸው ነገርኋቸው። «እርግጠኛ ነሽ?» አሉኝ። «ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ» አልሁ። መስቀላቸውን አሳለሙኝና ወደ መጽሐፋቸው ዞሩ። ባንቺዓለም አንገቷን ቀና አድርጋ በምስጋና አየችኝ። ያ አስተያየቷ እስከዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እጇን ዘርግታ የቀሚሴን ጫፍ ያዝ አድርጋ፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ እኅቴ» አለችኝ።

ከዚያ ቄሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«አዕርፍ እግዚኦ ነፍሳ ለአመትከ ወለተ ሐና…»

ባንቺዓለም ልቅሶዋን አቋረጠች። ቀሚሴን የያዘችው እጅ መጀመሪያ ጠበቀ፤ ቀስ በቀስ ለቀቀ። ቄሱን አየች። የእናቷን አስከሬን አየች። መጨረሻ ላይ እኔን አየችኝ፤ እኔም ዓይኔን አልሰበርሁም፤ ያንን ያህል ዕዳ አለብኝ። ትሰድበኛለች፣ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን ሁለት እጇን አንሥታ አፏ ላይ ጫነች፤ ያ እርግማኗ አሁን እየወጣ ያለ ይመስል፣ አጥብቃ፣ ጣቶቿ እስኪነጡ ድረስ።

ቄሱ ምንም አላዩም። ገጹን ገልጠው ስሙን ደግመው ጠሩት።